“ሰም” ሲባል የትኛው ሰም?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በጤና ዓምዳችሁ ላይ የሞቀ ሰም ለሚያም እጅና ለደረቀ ቆዳ ስለሚሰጠው ጥቅም ያወጣችሁትን አጭር ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ጽሑፉ በመሠረቱ ስህተት አለበት ለማለት አልደፍርም። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው “ሰም” እያለ ሲሄድ የትኛው ሰም እንደሆነ አንድም ቦታ ላይ ስላልገለጸ፣ ምክሩን ተቀብሎ ቤቱ ውስጥ ሊሞክር የሚነሣ አንባቢ እንዳይጎዳ ሠጋሁ። ሥጋቴ በግምት የመጣ አይደለም፤ በዚሁ በአንድ ቃል ምክንያት የታላቅ እህቴን እጅ በገዛ እጄ አቃጥያለሁና።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በዘመኑ አጠራር የሆም ኢኮኖሚክስ መምህርት ሆኜ ለብዙ ዓመታት ካገለገልኩ በኋላ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ቁጥር ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይነጋል፤ ቀኑን ደግሞ ደረቅ ነፋስና የማይሞቅ ፀሐይ ይፈራረቁበታል። “በጥቅምት አንድ አጥንት” ያሉት አባቶቻችን ለሆድ አስበው ነው፤ ለእጅ ያሰበለት ያለ አይመስለኝም። በዚህ ወራት የደጋ ሴት እጅ ንጋት ላይ በረዶ የመሰለ ውሃ ይነካል፣ በልብስ ሳሙናና በበረኪና ይታጠባል፣ ኩበት ይጠፈጥፋል፣ ምጣድ ያስሳል፣ አከምባሎ ያነሣል፤ ማታ ደግሞ እንዝርት ያሾራል። ታላቅ እህቴ የምትኖርበት መንዝ የበግ ጠጉር አገር ስለሆነ ባና የሚሠራበትን ክር ሲፈትሉ ያረጁ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ የእነርሱን እጅ ልብ ብሎ ያየ ሰው አውራ ጣታቸው ከመዳፋቸው ጋር የሚገናኝበት ሥር አብጦና ወደ ጎን ወጥቶ ያገኘዋል። እህቴ ለፋሲካ ልጇ ዘንድ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ፣ ጣርማበርን አልፋ ቆላው እንደ ተቀበላት “እጄ ተፈታ” ትላለች፤ ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ጣቶቿ እንደገና ይታሰራሉ።

እኔ ይህን ሕክምና ያወቅሁት በራሴ ጉዳት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በውርጭ የተሟለጨ የድንጋይ ደረጃ ላይ ወድቄ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ጄሶው ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲፈታልኝ አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቶቼ ግን ለመታጠፍ እምቢ አሉ፤ ቆዳዬም እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ይረግፍ ነበር። አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ተላክሁና እዚያ የነበረችው ወጣት ባለሙያ እጄን በሳሙና አስታጥባ፣ በጣቶቼ መካከል ሳይቀር አደራርቃ፣ ቀለበቴን አስወልቃ በኤሌክትሪክ ወደሚሞቅ አነስተኛ ገንዳ ወሰደችኝ። ገንዳው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ውሃ ይመስል ነበር። “እማማ፣ ጣቶችዎን ዘርጋ አድርገው ያጥልቁ፤ ከዚያ በኋላ ግን እንዳያንቀሳቅሷቸው” አለችኝ። አጥልቄ አወጣሁ፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ፈሳሹ እጄ ላይ ነጣና ረጋ። ስምንት ጊዜ ያህል ካመላለስኩት በኋላ እጄ ወፍራም ነጭ ጓንት ያጠለቀ መሰለ። በፕላስቲክ ከረጢት ሸፍና በፎጣ ጠቀለለችውና ሃያ ደቂቃ አስቀመጠችኝ። መጀመሪያ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርገው ሙቀት እየቆየ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ተሰማኝ። በመጨረሻ ከእጅ አንጓዬ ጀምራ ገልብጣ ስታወልቀው፣ በሰሙ ውስጠኛ ገጽ ላይ የጣቶቼ መስመሮች፣ የጥፍሮቼ ጠርዝ፣ በልጅነቴ ማጭድ የቆረጠኝ ጠባሳ ሳይቀር ታትመው አየሁ። እኔ ሕክምናው ያለቀ መስሎኝ ልነሣ ስል፣ የወለቀውን ሰም ድቡልቡል አድርጋ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና “ሥራችን ገና አሁን ነው፤ እንደ ሊጥ ይሹት” አለችኝ።

የጋዜጣችሁ ጽሑፍ ያላነሣው አንዱ ቁም ነገር ይኸው ነው። የሞቀው ሰም በሽታውን አያድንም፤ ያረጀ መገጣጠሚያን አያድስም፤ በውበት ሳሎን እንደሚወራውም “ሪህ ነቃይ” አይደለም። የሚያደርገው ነገር ደም ወደ እጅ በደንብ እንዲፈስ፣ የተኮማተረው ጅማትና ጡንቻ እንዲላላ፣ ሕመሙም ለጊዜው እንዲረግብ ማድረግ ነው። ሰሙ ከወለቀ በኋላ ባለችው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ጣትን ቀስ ብሎ መጨበጥና መዘርጋት፣ አውራ ጣትን ከእያንዳንዱ ጣት ጫፍ ጋር ማገናኘት፣ መዳፍን በጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ጣቶችን መለያየት ይቻላል። በእጅ የመገጣጠሚያ ሕመም ላይ የተደረጉ ጥናቶችም የሚያሳዩት፣ ሰሙ የሚሰጠው እፎይታ የአጭር ጊዜ መሆኑንና ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ከእንቅስቃሴ ጋር ሲጣመር መሆኑን ነው። ሰሙን አስወልቀው እጃቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ከትተው የሚተኙ ሰዎች ደስ የሚል ሙቀት አግኝተዋል፤ ከዚያ ያለፈ ግን ብዙ አላተረፉም።

ለቆዳ የሚሰጠው ጥቅም ከዚህ የተለየ መንገድ አለው። ሰሙ ቆዳው ላይ ሲረጋ አየር የማያስገባ ሽፋን ስለሚሆን፣ ከቆዳ ወጥቶ ነፋስ ይወስደው የነበረው እርጥበት እዚያው ታፍኖ ይቀራል፤ ስለዚህ እጅ ከሰሙ ሲወጣ ለስላሳና ትንሽ ወዛም ሆኖ ይገኛል። ወዲያው ቫዝሊን ወይም ሌላ ወፍራም ቅባት ካልተቀባ ግን የደብረ ብርሃን ነፋስ ያንን እርጥበት ለማድረቅ ጊዜ አይፈጅበትም።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። በፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ገንዳ ውስጥ የነበረው ሰም ፓራፊን ይባላል። ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ፣ ቀለምና ሽታ የሌለው ነገር ነው፤ ስሙን ከላምባ ጋር የሚያገናኙ ሰዎች ቢያጋጥሟችሁም አትደነቁ፣ በአንዳንድ አገሮች እንግሊዝኛ ላምባም በዚሁ ስም ይጠራልና። ጀርመናዊው ኬሚስት ካርል ፎን ራይሸንባህ እ.ኤ.አ. በ1830 ከእንጨት ዝፍት ለይቶ ያወጣው ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ከሙጫ ጋር ቀላቅሎ የወታደሮችን ቁስል ይሸፍንበት ነበር። ለእጅ ሕክምና የሚሆነው ዓይነት የሚቀልጠው ከ52 እስከ 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ላይ ነው፤ ሰባት እጅ ሰም ላይ አንድ እጅ ያህል የማዕድን ዘይት፣ ይኸውም በመድኃኒት ቤት ሊኩዊድ ፓራፊን ተብሎ የሚሸጠው፣ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ዝቅ ባለ ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። በዚህ ሙቀት ያለ ውሃ ውስጥ እጁን አጥልቆ የሚቆይ ሰው ቆዳው ይገሸለጣል። ፓራፊን ግን ሙቀቱን ወደ ቆዳ የሚያሻግረው ከውሃ በጣም በዝግታ ነው፤ በዚያ ላይ የመጀመሪያው ማጥለቅ የሚፈጥረው የረጋ ሽፋን ቆዳውን ከተከታዮቹ ይከላከልለታል። ባለሙያዋ ጣቶቼን እንዳላንቀሳቅስ ያስጠነቀቀችኝ ሽፋኑ እንዳይሰነጠቅና ትኩሱ ሰም በስንጥቁ እንዳይገባ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ማጥለቅ ከመጀመሪያው መስመር ከፍ እንዳይል የምትጠነቀቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። እጅ በደንብ መድረቅ ያለበት ደግሞ ቆዳ ላይ የቀረች የውሃ ጠብታ እንደ ፍል ውሃ ሆና ስለምታቃጥል ነው።

በአማርኛችን “ሰም” ሲባል ግን ለጆሯችን ቀድሞ የሚደርሰው የንብ ሰም ነው። በሰሜን ሸዋ ገበያ ሰም ግዛ ተብሎ የተላከ ልጅ ይዞ የሚመጣው ጧፍ የሚሠራበትን ቢጫ የንብ ሰም እንጂ ፓራፊን አይደለም። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ከአዲስ አበባ ስመለስ እህቴ ለሕክምና መጥታ ቤቴ ሰንብታ ነበርና፣ እኔን ያዳነኝ እርሷንም ያድናት ብዬ ከገበያ ሰም አስገዛሁ። ጥንቃቄ የጎደለኝ አይመስለኝም ነበር። ሰሙን በእሳት ላይ በቀጥታ አልጣድኩትም፤ ውሃ በሚፈላበት ድስት ላይ ሌላ ድስት አስቀምጬ አቀለጥኩት። ቴርሞሜትር ስላልነበረኝ፣ ባለሙያዋ በቤት ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች እንደምትነግረው፣ ድስቱን አውርጄ በሰሙ ፊት ላይ ስስ ሽፋን እስኪጋገር ጠበቅሁ። ጠብታ በእጅ አንጓዬ ላይ አድርጌ ሞከርኩ፤ ቆነጠጠኝና ወዲያው በረደ። እህቴ እጇን አጥልቃ ስታወጣ “ትንሽ ጠንከር ብሏል፣ ግድ የለም” አለች። ግድ የለም ያለችው ዕድሜዋን ሙሉ ፍም በጣቷ የምታነሣ ሴት ናት። ሰሙን ስናወልቀው የእጇ ጀርባ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ማታ ላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ መካከል ውሃ ቋጠረ። የጎረቤቶቼ ልጆች ቅቤና የጥርስ ሳሙና ይዘው ሲሯሯጡ ሁለቱንም ከልክዬ እጇን በቧንቧ ውሃ ሥር ለሃያ ደቂቃ ማቆየቴ ብቻ ነው ከዚያን ቀን ሥራዬ ትክክል የነበረው።

ስህተቱ የት እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ባለው ሙቀት ላይ ነው። ስለዚህ ፊቱ ላይ ሽፋን የተጋገረው 52 ዲግሪ ላይ ሳይሆን ከ60 በላይ ሳለ ነበር። ሽፋኑ የሚናገረው ሰሙ የመርጋት ነጥቡ ላይ መድረሱን ነው እንጂ እጅ የሚችለው ሙቀት ላይ መድረሱን አይደለም፤ ምልክቱ ለፓራፊን ይሠራል፣ ለንብ ሰም ግን ያታልላል። የእጅ አንጓዬ ላይ ያደረግኋት አንዲት ጠብታም ወዲያው ስለምትበርድ፣ መላ እጅን ስለሚሸፍን ሰም ልታስረዳኝ አትችልም ነበር። ስለ ማቅለጥና ስለ መርጋት ነጥብ ስንት ትውልድ ያስተማርኩ ሰው ይህን አለማሰቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ከሱቅ የሚገዛው ሻማም መፍትሔ አይሆንም፤ አብዛኛው ከፓራፊን የሚሠራ ቢሆንም ቆሞ እንዲነድ ሲባል ጠንከር ያለና ከፍ ባለ ሙቀት የሚቀልጥ ዓይነት ነው፤ ቀለምና ሽቶ የተጨመረበት ሲሆን ደግሞ ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል።

የንብ ሰም ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ያለቦታው ማስገባቴ ነው። ለቆዳ የሚጠቅመው በትኩስነቱ ሳይሆን በርዶ፣ ቅባት ሆኖ ነው። አንድ እጅ ሰም ከአራት እጅ ሽታው የማይበረታ የምግብ ዘይት ጋር በሙቅ ውሃ ላይ ቀልጦ እስኪረጋ ቢማሰል ለተረከዝም ለእጅም የሚሆን ጥሩ ቅባት ይወጣዋል፤ የጥንቱ ሐኪም ጋሌኖስም በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከንብ ሰም፣ ከወይራ ዘይትና ከጽጌረዳ ውሃ የሚሠራ ቅባት ነበረው። እንዲያውም ጭንቁ የቆዳው መድረቅና መሰንጠቅ ብቻ ለሆነበት ሰው የሞቀ ሰም ጨርሶ አያስፈልገውም እላለሁ። ማታ እጅን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለሃያ ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ ውሃውን አራግፎ እርጥበቱ ሳይደርቅ ቫዝሊን ወይም ዘይት መቀባት፣ አሮጌ የጥጥ ካልሲ እንደ ጓንት አጥልቆ መተኛት በቂ ነው። የሥጋ ደዌ ሕሙማን እጅና እግራቸው እንዳይሰነጠቅ የሚማሩትም ይህንኑ ውሃና ቅባት ነው። ግሊሰሪን የሚወዱ ጎረቤቶቼ ደግሞ በውሃ ሳያቀጥኑ ባይቀቡት ይሻላቸዋል፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ንጹሑ ግሊሰሪን እርጥበቱን ከቆዳው ራሱ ይስባልና።

በከተማችን በአንድ የውበት ሳሎን የሆነውንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ስሙን ማንሣት ግን አያስፈልግም። ለአንዲት ዘመዴ ሠርግ ሄደን ሳለ ለሙሽራይቱ ሚዜዎች እጅ ፓራፊን ሲደረግ አየሁ። ሰሙ ትክክለኛው ሰም ነበር፤ ሆኖም ከአንዷ እጅ የወለቀው ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ይጣልና ሌላዋ እዚያው ታጠልቃለች። አንዷ በጥፍሯ ሥር ያልዳነ ቁስል ነበራት። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ስጠይቅ “ሙቀቱ ይገድለዋል” የሚል መልስ ተሰጠኝ። እጅ የሚችለው ሙቀት ተሕዋስያንን ሁሉ ይገድላል ማለት ዘበት ነው። በአንድ ሰው እጅ ላይ የዋለ ሰም መጣል አለበት፤ ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ የሚውል ከሆነ እጅ ታጥቦ እስከ ተገባ ድረስ ለተወሰነ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል።

ይህ ሕክምና ጨርሶ የማይሆናቸው ሰዎችም አሉ፤ ጽሑፋችሁ ይህንንም በአንድ መስመር እንኳ አላስታወሰም። እጁ የደነዘዘ ሰው፣ የስኳር ሕመምም ይሁን የሥጋ ደዌ ያደነዘዘው፣ ሲቃጠል ስለማይሰማው አያጥልቅ። ስንጥቁ ደም የሚያወጣ፣ ቁስል ወይም ሽፍታ ያለበት፣ መገጣጠሚያው ቀልቶና ግሎ ያበጠ ሰውም አያጥልቅ፤ የጋለውን ማጋል እብጠቱን ያባብሰዋል። በተለይ የሁለት እጆቹ ጣቶች አብጠው በየጠዋቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይፈቱ የሚቆዩበት ሰው፣ ዕድሜው ገና ቢሆንም እንኳ፣ “የደጋ ብርድ ነው” ብሎ በሰምና በቅቤ ሲታሽ መክረም የለበትም። ይህ ዓይነቱ ቁርጥማት ቶሎ መድኃኒት ካልተጀመረለት መገጣጠሚያን የሚያበላሽ በሽታ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባዋል።

መገጣጠሚያን በሙቀት ማሳረፍ ለእኛ ባዕድ ልማድ አይደለም። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ እየወረዱ በፍል ውሃው ይታጠቡ እንደነበረ፣ አዲስ አበባም በዚያው ዙሪያ እንደ ተቆረቆረች ሁላችንም እናውቃለን። ፓራፊኑም ውድ ነገር አይደለም፤ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ያለው የደጋ ሆስፒታል ሁሉ አንድ ገንዳ ቢኖረው ለፈታዮቻችንና ለእንጀራ ጋጋሪዎቻችን ትልቅ ነገር ነበር። እስከዚያው በቤቱ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ከሰሙ እኩል የሚያስፈልገው ቴርሞሜትር ነው፤ ያውም የትኩሳት መለኪያው ሳይሆን እስከ 100 ዲግሪ የሚያነበው፣ ምክንያቱም የትኩሳት መለኪያ ንባቡ 42 ላይ ስለሚያበቃ ሰም ውስጥ ሲገባ ይሰበራል። የቀለጠ ፓራፊን እንደ ዘይት የሚቀጣጠል ስለሆነ ምድጃ ላይ ጥሎት የሚሄድ ሰውም አይኑር።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ በሚቀጥለው እትም አጭር ማረሚያ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። “ሰም” በተባለበት ቦታ ሁሉ “ለሕክምና የሚሆን ፓራፊን፣ ከ50 እስከ 54 ዲግሪ” ተብሎ ይነበብ፤ “የጧፍ ሰም አይደለም” የሚለውም በግልጽ ይጨመር። ማረሚያው ከጽሑፉ ባነሰ ፊደል በገጽ ግርጌ እንዳይወጣም አደራ፤ የእህቴን የመሰሉ እጆች ያሏቸው አንባቢዎች ጋዜጣችሁን በልጆቻቸው አስነብበው የሚሰሙ ናቸው፤ ልጆቹ ደግሞ ግርጌ አያነቡም።

እህቴ እጇ ከዳነ በኋላ ዳግመኛ አላጠልቅም ትላለች ብዬ ነበር። እርሷ ግን ፓራፊኑንና የመስታወቱን ቴርሞሜትር ከአዲስ አበባ እንዳስመጣላት አዘዘችኝ። ቁጥር ስለማታነብ በ52 ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም መስመር አሰመርኩላት፤ አሁን መንዝ ላይ ቅዳሜ ማታ መስመሩን አይታ ታጠልቃለች፣ ሰሙን እንደ ሊጥ ታሸዋለች፣ ከዚያም እንዝርቷን ታነሣለች።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣች መምህርት
ከደብረ ብርሃን